በሁለት ቤት ለሚያድግ ሕፃን የሕክምና ቦርሳ፦ የሚረባውና የማይረባው ዕቃ

እናትና አባት ተለያይተው ሕፃኑ ግማሹን ሳምንት እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ሲያድር ስለ ሕክምናው የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ መነሻው ትንሽ ነገር ነው። እናት «ትኩሳቱ 38.1 ነበር፣ ሽሮፕ ሰጥቼዋለሁ» ትላለች። አባት «እኔ ስለካው 37.4 ነው፣ ለምን ዝም ብለሽ መድኃኒት ታጠጪዋለሽ?» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። እሷ በፊንጢጣ ለክታለች፣ እሱ በብብት። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ሕፃኑ መሆኑ ይቀርና ስለ ማን ጥሩ ወላጅነት ይሆናል፤ ሕፃኑም በመሐል መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ይወስዳል ወይም ጨርሶ ሳይወስድ ያድራል።

እዚህ የምንገመግማቸው ዕቃዎች ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ የሚገዙት ናቸው፦ ቴርሞሜትር፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ የመድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ፣ መዝገብ ደብተር፣ ተለያይተው ለሚኖሩ ወላጆች የተሠሩ አፖች። በመጨረሻም ዕቃ ስለማይፈታው ነገር፣ ሁለቱም ወላጆች አብረው ሐኪም ፊት ስለሚቀርቡበት ቀጠሮ እናነሣለን። የምንመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሕፃኑ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር ትክክለኛው መረጃ አብሮት ይሻገራል ወይ? በዚህ ሚዛን አንደኛ የወጣው ባለ ብዙ ቁልፉ መሣሪያ ወይም ወርኃዊ ክፍያ የሚጠየቅበት አፕ አይደለም፤ ከሕፃኑ ቦርሳ የማይወጣ ደብተር ነው።

ከቴርሞሜትር እንጀምር። የሚመረጠው ጫፉ የሚተጣጠፍ ተራ ዲጂታል ነው። ማሸጊያው ላይ የስሕተት ወሰኑ ±0.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ተብሎ የተጻፈበትን ይፈልጉ፤ አንድ ዓይነት ሁለት ገዝቶ በየቤቱ አንድ ማኖር ደግሞ ውድ የሆነ አንድ ከመግዛት ይሻላል። በግንባር ላይ የሚነጣጠረው የኢንፍራሬድ መለኪያ ፈጣን ነው፣ የተኛን ሕፃን አይቀሰቅስም። ነገር ግን ላብ፣ ፀሐይ፣ ከብርድ መግባት፣ የርቀቱ መዛነፍ ሁሉ ንባቡን ያናጉታል። ለመጀመሪያ ጥርጣሬ ይበቃል፤ መድኃኒት ለመስጠት ወይም «ምንም አልሆነም» ለማለት ግን አይበቃም። የጆሮው ዓይነት ከ6 ወር በታች አይመከርም፤ የጆሮ ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ መሣሪያው የጆሮ ታምቡሩን በትክክል አያገኘውም። የሜርኩሪ መስታወት ቴርሞሜትር ካለ ከሁለቱም ቤት ይውጣ። ሲሰበር የሚፈሰው ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ ሜርኩሪን ለመቀነስ አገሮች በተፈራረሙት የሚናማታ ስምምነትም እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ምርቱና የአገር ለአገር ንግዱ እንዲቆም የተወሰነበት ዕቃ ነው።

ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን አስተማማኙ የፊንጢጣ ልኬት ነው። ጫፉ ቫዝሊን ይቀባል፤ ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ወደ ሆዱ ይታጠፋሉ፤ ጫፉ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ መሣሪያው ድምፅ እስኪያሰማ ሕፃኑም ቴርሞሜትሩም በእጅ ተይዘው ይቆያሉ። እምቢ ካለ አይገፋም። ያ ቴርሞሜትር ከዚያ በኋላ ለአፍ አይውልም፤ ምልክት ይደረግበት። በብብት ሲለካ ጫፉ መሐል ብብት ላይ፣ በደረቅ ቆዳ፣ ክንዱ ከጎኑ ጋር ተጣብቆ መሆን አለበት፤ ልብሱ መሐል ከገባ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የብብት ንባብ አብዛኛውን ጊዜ ከፊንጢጣው ዝቅ ይላል፣ ልዩነቱ ግን ከሕፃን ሕፃን ስለሚለያይ «ግማሽ ዲግሪ ደምርበት» የሚለው ስሌት አያስተማምንም። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች አንድ ቦታ መርጠው እዚያው ይለኩ፤ ቁጥሩንም ከነቦታው ይጻፉ፦ «38.1 ፊንጢጣ»። ከታጠበ ወይም በብርድ ልብስ ከተጠቀለለ በኋላ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሳይቆዩ መለካት የሐሰት ትኩሳት ያሳያል።

አንድ ቁጥር ግን ለውይይት አይቀርብም። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን በፊንጢጣ 38.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማን ጋ ማደር ተራው ነበር የሚለው ሳይነሣ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ይሄዳል። በዚያ ዕድሜ ትኩሳት የከባድ ኢንፌክሽን ብቸኛ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ማብረጃ ሰጥቶ ጠብቆ ማየት የለም።

ከባዱ ጉዳይ ሽሮፑ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። ፓራሲታሞል የሚሰላው በሕፃኑ ክብደት ነው፦ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ከ3 ወር በታች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እንውሰድ፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው ከ60 እስከ 90 ሚሊ ግራም ነው። አሁን ጠርሙሶቹን እንይ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘው ሽሮፕ ከሆነ ይህ ከ2.5 እስከ 3.75 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ከሆነ ከ1.9 እስከ 2.8። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘው የሕፃናት ጠብታ ከሆነ ደግሞ ከ0.6 እስከ 0.9 ብቻ።

እንግዲህ በአንዱ ቤት ባለ 120ው ሽሮፕ፣ በሌላው ጠብታው ይኖራል። ከአንደኛው ቤት «3 ሚሊ ሊትር ስጠው» የሚል መልእክት ይመጣል። ተቀባዩ እንደተነገረው ከጠብታው 3 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ ሕፃኑ 300 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው፤ በኪሎ 50፣ ከላይኛው ወሰን ሦስት እጥፍ በላይ። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ከመደጋገሙ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ያሉ አምራቾች የተጠናከረውን የሕፃናት ጠብታ ትተው በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም በሆነው አንድ ጥንካሬ ለመሥራት ወሰኑ። በብዙ ቦታ ግን ጥንካሬያቸው የተለያየ ጠርሙሶች እስካሁን ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ስለዚህ የግዢው ምክር አጭር ነው፦ ለሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት፣ አንድ ጥንካሬ፣ ቢቻል ከአንድ ፋርማሲ። መልእክት ሲላክ ደግሞ ሚሊ ግራሙ፣ ሚሊ ሊትሩና የጠርሙሱ ጥንካሬ ሦስቱም አብረው ይጻፉ።

ሁለተኛው አደጋ የርክክብ ሰዓት ነው። ሕፃኑን የሚያስረክበው ወላጅ ከመውጣቱ በፊት ሽሮፕ ይሰጣል፤ ተረካቢው ቤት ደርሶ ትኩስ ሲያገኘው ይደግማል። በመሐሉ ያለፈው ምናልባት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በፊንጢጣ የሚገባው የፓራሲታሞል ሰፖዚቶሪም እንደ አንድ ጊዜ ይቆጠራል፤ ብዙዎች «እሱ እኮ ሽሮፕ አይደለም» ብለው ይደርቡበታል። ብዙ የጉንፋን ሽሮፖችም በውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ከ2 ዓመት በታች ደግሞ የጉንፋንና የሳል ሽሮፕ ራሱ አይመከርም። ፓራሲታሞል መብዛቱን አስቸጋሪ የሚያደርገው በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ ደህና መስሎ መታየቱ ነው፤ ጉበቱ የሚጎዳው ምልክት ሳያሳይ ነው። ማርከሻው፣ አሲቲልሲስቲን፣ በተሻለ የሚሠራው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ «ምናልባት ሁለታችንም ሰጥተነው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ካለ ምልክት አይጠበቅም። ሁለቱን ጠርሙሶች ይዞ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። በዚያ ሰዓት ማን እንዳጠፋ የሚያጣራ ወላጅ የልጁን ጊዜ እያባከነ ነው።

ሌላው የትኩሳት ማብረጃ፣ አይቡፕሮፌን፣ የሌላ ክርክር ምንጭ ነው። በአንዳንድ አገር የሚሸጠው ማሸጊያ ከ3 ወር ጀምሮ (ከ5 ኪሎ በላይ ከሆነ) ይላል፣ በሌላው ከ6 ወር። ሁለት ወላጆች ከሁለት አገር የመጣ ጠርሙስ ይዘው ቢከራከሩ ሁለቱም ጽሑፍ ያሳያሉ። ያለ ሐኪም ምክር ከ6 ወር በታች አለመስጠት የተሻለው ነው። ከዚያ በኋላ መጠኑ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ ነው። ሕፃኑ እያስመለሰ ወይም ተቅማጥ ይዞት ፈሳሽ ካጠረው ኩላሊቱን ስለሚጎዳ አይሰጥም፤ ቺክንፖክስ መሰል (ውኃ የቋጠረ) ሽፍታ ካወጣም ሐኪም ሳያየው አይጀመር። አስፕሪን ለልጆች በጭራሽ፤ ሬይ ሲንድረም የሚባለውን አንጎልና ጉበት የሚያጠቃ በሽታ ሊያስከትል ይችላል።

«ቁጥሩ 38.5 ሆኗል፣ መድኃኒት የግድ ነው» እና «ካልተነጫነጨ ምን ያስፈልገዋል» በሚሉት መሐል ሐኪሞች ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። ማብረጃ የሚሰጠው ሕፃኑ እንዲቀለው ነው። ጠብቶ፣ ነቅቶ፣ እየተጫወተ ያለ የ8 ወር ልጅ ቁጥሩ ስለወጣ ብቻ ሽሮፕ አያስፈልገውም። በትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥንም ማብረጃው አይከላከልም፤ ይህን ሁለቱም ወላጆች ቢያውቁት ከፍርሃት የሚመጣው ግማሽ ጠብ ይቀራል።

ሲሪንጅ። የወጥ ቤት ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል፤ 3 ሚሊ ሊትር የማይሞላም 7 የሚጠጋም አለ። የሚገዛው መርፌ የማይገጥምበት የአፍ ሲሪንጅ ነው፦ ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ለሚሰጥ ጠብታ ባለ 1፣ ለሽሮፕ ባለ 5። ባለ 10ው ለሕፃን አይረባም፤ መስመሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ ትንሽ ልዩነት መለየት ያስቸግራል። ሽሮፑ ተወዝውዞ፣ የጠርሙሱ ማስገቢያ ላይ ሲሪንጁ ተተክሎ፣ ጠርሙሱ ተገልብጦ ይሳባል። አረፋ ካለ ተመልሶ ይገፋና እንደገና ይሳባል። የሚነበበው የጥቁሩ ጎማ ወደ ሲሪንጁ አፍ ያለው ጠርዝ ነው፤ ወደ መግፊያው ያለውን ጠርዝ የሚያነብ ወላጅ ሁልጊዜ አሳንሶ ይሰጣል፤ «የአንተ ሽሮፕ አይሠራም» የሚለው ወቀሳ አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። ሕፃኑ ቀና ብሎ ተይዞ ወደ ጉንጩ ውስጥ በትንሽ በትንሹ ይገፋለታል፤ ወደ ጉሮሮ በቀጥታ ከተረጨ ያንቀዋል። ጫፉ ላይ ቆብ ካለው ቆቡ መጀመሪያ ይጣል፤ ወደ ልጁ አፍ ተፈናጥሮ የሚገባ ነው። ሙሉ የወተት ጡጦ ውስጥ መድኃኒት መደባለቅ አይገባም፤ ወተቱን ካልጨረሰ ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቅ የለም። ሲሪንጅ ይለብሳል፦ መስመሩ በመታጠብ ይጠፋል፣ ጎማው ይደርቅና አልንሸራተት ይላል። መስመሩ ሲደበዝዝ ይለወጥ።

አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ችግሩ የጠርሙሱ አንድ መሆን ነው። ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት የሚቆየው 7፣ 10 ወይም 14 ቀን ነው፤ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የተቀላቀለው ማቀዝቀዣ የግድ ይላል። ግማሹን በባዶ የሌላ መድኃኒት ጠርሙስ ገልብጦ መላክ እጅግ መጥፎ ልማድ ነው፤ ስምም፣ ጥንካሬም፣ የሚያበቃበት ቀንም አብሮ አይሄድም። ፋርማሲስቱ በሁለት ጠርሙስ፣ ሁለቱም ላይ ሙሉ ጽሑፍ ለጥፎ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ሐኪሙም በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን ሁለት ጊዜ በሚወሰድ መለወጥ ይቻል እንደሆን ቢጠየቅ በርክክብ የሚዘለው ዙር ይቀንሳል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፦ አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ውኃ፣ ሌላው ለ200 ሚሊ ሊትር የተሠራ ነው። የ1 ሊትሩን በ200 የበጠበጠ ወላጅ ለሕፃኑ አደገኛ የሆነ የጨው ውኃ ነው ያጠጣው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ወደ ደብተሩ እንምጣ። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጹ የማይገነጠል፣ በኪስ የሚገባ ይሁን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሕፃኑ የመጨረሻ ክብደት ከተመዘነበት ቀን ጋር፣ አለርጂ፣ የሽሮፑ ስምና ጥንካሬ፣ በዚያ ክብደት የሚሰጠው ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር ይጻፋል። ቀሪው ገጽ ዓምዶች አሉት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት ከነቦታው፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ መጠን፣ ካስመለሰ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ በሽንት የራሱ ዳይፐሮች ብዛት፣ የሰጠው ሰው። የሚጻፈው ከመስጠት በፊት እንጂ በኋላ አይደለም፤ ሕፃን እያለቀሰ «በኋላ እጽፋለሁ» የተባለ አይጻፍም። ሰዓቱን በተመለከተ ከመጀመሪያው አንድ ስምምነት ይደረግ፤ አንዱ ከስልኩ ላይ 8:00 ብሎ ሲጽፍ ሌላው ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ የሚጽፍ ከሆነ ሐኪሙ የ6 ሰዓት ልዩነት ያለ ይመስለዋል። የክትባት ካርዱ በዚያው ደብተር ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ፎቶው በሁለቱም ስልክ። ደብተሩ ላይ ወቀሳ አይጻፍበትም። «እንደገና ዘግይተህ አመጣኸው» የሚል ዐረፍተ ነገር የገባበት መዝገብ በሳምንቱ ማንም አይከፍተውም።

አፖቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን ለሌላ ሥራ። አወር ፋሚሊ ዊዛርድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያለ ነው፤ ቶኪንግ ፓረንትስም በዚሁ መስመር ይታወቃል። ዋና ጥንካሬያቸው የተላከ መልእክት ሊሰረዝ ወይም ሊታረም አለመቻሉ፣ የተላከበትና የተከፈተበት ሰዓት መታየቱ ነው። በተራ ቴሌግራም አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል ለመዝገብነት አይታመንም። የቀጠሮ ቀን፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ «ይህን ሕክምና ትስማማለህ ወይ» የሚል ጥያቄና መልሱ እዚህ ይቀመጥ። ለመድኃኒት መጠን ግን ደካማ ናቸው፦ ማስታወቂያው ጠፍቶ ወይም ባትሪ አልቆ ሌላው ወላጅ ላያየው ይችላል፣ አያትና ሞግዚትም ብዙ ጊዜ ውስጡ የሉም። አጣዳፊ ነገር በስልክ ተደውሎ ይነገራል፤ አፑ ላይ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ዕቃ የማይፈታው ጠብ ቀረ። ክትባት ይሰጥ አይሰጥ፣ ቀዶ ጥገናው አሁን ይሁን ወይስ ይቆይ፣ ሌላ ሐኪም ይየው ወይ። እዚህ የሚሠራው አገልግሎት የጋራ ቀጠሮ ነው፣ ማለትም አንድ የሕፃናት ሐኪም ለሁለቱም ወላጆች በአንድ ሰዓት፤ አንደኛው ሩቅ ከሆነ በቪዲዮ። ለየብቻ የሚደረጉ ሁለት ቀጠሮዎች ጠቡን ያባብሱታል፤ እያንዳንዱ ከሐኪሙ የሰማውን ይዞ ይመጣል፣ የሰማው ደግሞ የጠየቀውን ያህል ነው። ሲያዝ ከተራ ምርመራ ረዘም ያለ ጊዜ መሆኑ ይነገር። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ሆነው አስቀድመው በጽሑፍ ይላኩ፦ ይህ ሕክምና ቢደረግ ምን ይገኛል፣ ቢዘገይ ወይም ቢቀር ምን ሊመጣ ይችላል፣ ለዚህ ሕፃን የተለየ የሚከለክል ነገር አለ ወይ።

በክትባት ላይ ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ያጠራል። ክትባት የሚከለከለው ለቀድሞው ዙር ወይም ለውስጡ ላለ ነገር ከባድ አለርጂ ሲታይ፣ ሕያው ክትባት (የተዳከመ ሕያው ጀርም ያለበት) ከሆነ ደግሞ የመከላከል አቅሙ በጣም ለተዳከመ ልጅ ነው። ቀላል ጉንፋን አያስከለክልም። የዘገየ ዙር ካለ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀመርም። ስለዚህ «እስክንስማማ ይቆይ» የሚለው ምርጫ ራሱ ውሳኔ መሆኑን ሁለቱም ሊያውቁት ይገባል፤ ሕፃኑ ያለ መከላከያ የሚቆይበት ጊዜ ነው፣ ትክትክም በጣም የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ቀጠሮው ካልፈታው ሁለተኛ ሐኪም፣ ከዚያ በሕፃናት ጉዳይ የሠለጠነ አስማሚ፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ነው። አስማሚ ስለ ቀንና ስለ አሠራር ያስማማል፤ የሕክምና ጥያቄ ላይ ግን ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ከሌለ ባዶ እጁን ነው። ሕይወት የሚያድን አስቸኳይ ሕክምና የሁለቱን ፊርማ እንደማይጠብቅም ይታወቅ። ሕፃኑ አልጠባም ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ተቆጥሮ ከ2 ወር በታች ሆኖ ትንፋሹ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ሆኖ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አብሮት ያለው ወላጅ ይዞት ይሄዳል፣ በመንገድ ላይ ይደውላል።

ከጋራ ቀጠሮው መያዝ ያለበት አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው፦ ትኩሳት ሲኖረው መቼ መድኃኒት ይሰጣል፣ መቼ አይሰጥም፣ መቼ ይመጣል፣ መጠኑ ስንት ነው። ሐኪሙ ይፈርምበት፣ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይለጠፍ፣ የሚታደስበት ቀንም ይጻፍበት። በመጀመሪያው ዓመት ክብደት በፍጥነት ስለሚጨምር በ6 ኪሎ የተሰላ መጠን ሕፃኑ 8 ኪሎ ሲሞላ ሊያንስበት ይችላል፤ በየክትባቱ ቀን ሲመዘን ቁጥሩ በሁለቱም ቤት በአንድ ቀን ይለወጥ።